«መጣ» እና «ገባ»

ልጄ ቢንያም ባለፈው ሰሞን ከሥራ ተመልሶ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ፣ «እማ፣ ዛሬም ሶበር ነኝ» አለኝ። ምሳ ዕቃውን ተቀብዬው ነበር። ትንፋሹን ለማሽተት ጠጋ ስል ስላየኝ ነው እንደዚያ ያለኝ፤ ስለዚህ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም ከአምስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝና የማላውቀውን ቃል ዝም ብዬ አላሳልፍም። በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል አልኩት። አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቆሞ አሰበ። ያልሰከረ፣ አለ። እሱማ ያልሆነውን ነው የሚናገረው፣ የሆነውን ንገረኝ አልኩት። ደህና፣ አለ። ጨዋ፣ አለ። ከዚያ ሳቀና «ተይው በቃ፣ እኛ የለንም መሰለኝ» ብሎ ወደ ጓዳ አለፈ።

ምሳ ዕቃውን አጥቤ ከደፋሁትም በኋላ የእጄን ሳሙና ሳላለቀልቅ ቆሜ ቀረሁ። ቃሉስ አለን። በእናቴ ቤት ነበረን። ለቢንያም ነግሬው የማላውቀው ረስቼው አይደለም፤ ከቃሉ ጋር አንድ ሰው አብሬ አስተዋውቀዋለሁ ብዬ ስለምፈራ ነው።

ያደግኩት እሪ በከንቱ ነው፣ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲወረድ። ዛሬ ያ ቁልቁለት ሰፊ መንገድ፣ ሣርና በተርታ የቆመ መብራት ሆኗል። ያን ጊዜ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ በክረምት ሰውን ሳይወድ በግድ የሚያስሮጥ ድንጋያማ መንገድ ነበር። ሰፈሩ ለሰካራም ቃል አያጥረውም። ሞቅ ብሎታል፣ ጨብሷል፣ ናላው ዞሯል፣ ጥንብዝ ብሏል ይባላል። አንድ አናጢ ጎረቤታችን ተንሸራቶ በወደቀ ቁጥር፣ እኔ ምንም አልቀመስኩም፣ ዛሬ የሰከረው ቁልቁለቱ ነው ይል ስለነበር፣ አንድ ሰው ሲንገዳገድ ከታየ «ቁልቁለቱ ዛሬም ጠጥቷል» ማለት ተለምዶ ቀረ። ላልሰከረው ሰው ግን ስም የሚያወጣለት አልነበረም። ደህና ነው ይሉታል፤ ደህና ግን ጉንፋን ለለቀቀውም ነው። ጨዋ ይሉታል፤ ጠጥቶም ጨዋ የሆነ ሞልቷል። ልብ ገዛ ይሉታል፤ ልብ እንደ ሽንኩርት ገበያ ወጥተው የሚገዙት ይመስል።

አባቴ ጸዳሉ ልብስ ሰፊ ነበር። ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች አለፍ ብሎ፣ የጣሊያን ጊዜ ሰገነት ያለው አንድ ፎቅ ሥር መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል። ዝናብ ሲመጣ ሰገነቱ ይከልለዋል፣ ፀሐይ ሲሆን ባርኔጣው። ቡናማ ባርኔጣ ነበረችው፤ ጥብጣቧ ትንሽ ከደበዘዘ ፈትቶ በአዲስ ይቀይርላታል። የታወቀበት ሙያው ኮሌታ ማገላበጥ ነው። በዚያ ዘመን ሸሚዝ ኮሌታው ሳሳ ተብሎ አይጣልም፤ ኮሌታው ይፈታል፣ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይሰፋል፣ ባለቤቱም አዲስ የለበሰ መስሎ ቢሮው ይሄዳል። ከትምህርት ቤት ስወጣ አባቴ ጋ ጎራ እላለሁ። ካኪ ዩኒፎርሜን አራግፎልኝ አሥር ሳንቲም ይሰጠኛል። በአሥር ሳንቲም ትኩስ ቦምቦሊኖ ይገኛል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረውን ስኳር በጣቴ እየለቀምኩ ሰፈር እደርሳለሁ። የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ያንኑ ዘፈን ሲደጋግም ይውላል፣ ቤልቦተም የለበሱ ጎረምሶች በየመስታወቱ አፍሯቸውን እያስተካከሉ ያልፋሉ፣ የጊዮርጊስ ደወል ከሁሉም በላይ ይሰማል። አሁን ዓይኔን ስጨፍን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ግን የስፌት መኪናው ዘይት ሽታ ነው።

አባቴ ሥራው ሲያልቅ ወይ ወደ ቤት ነው፣ ወይ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቡና ቤት። ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ፣ እንደቆመ ኡዞ ይጠጣል፤ መለኪያው ስሙኒ ነበር። ኡዞ እንደ እንስላል ይሸታል፤ እስከ ዛሬ የእንስላል ሻይ አልጠጣም። ሰዓት እላፊ የነበረበት ጊዜ ስለሆነ ጠጪው ሁሉ በጊዜ ጠጥቶ በጊዜ ይሰክራል፤ ገና በብርሃን ቁልቁለቱ በሚንገዳገድ ሰው ይሞላል። እናቴ የቆርቆሮውን በር ቀርቅራ ትጠብቃለች። ሲንኳኳ «ማን ነው?» ትላለች። «ጸዳሉ ነኝ» ከተባለች ከፍታ፣ ወደ እኔ ዞራ «አባባ ገባ» ትለኛለች፤ እኔም ሮጬ እቀበለዋለሁ። «እኔ ነኝ» ከተባለች ግን እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ትቆይና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰውዬው መጣ» ትላለች። ያኔ ደብተሬን ይዤ በጓሮ በኩል ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቤት እሄዳለሁ። የቤታችን ቋንቋ ይኸው ነበር። ለአባቴ መጣ ብላ አታውቅም። ለሰውዬው ደግሞ ገባ ብላ አታውቅም፤ ከእሷው አልጋ ላይ ተኝቶ ቢያነጋ እንኳ መጣ እንጂ ገባ አይባልም።

እናቴ ይህን ያደረገችው አባቴ በእኔ ፊት እንዳይዋረድ ይመስለኛል። እኔ ግን ልጅ ነበርኩና እንዳለችው ተቀበልኩት። ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ ሰዎች ቤታችንን በተራ የሚያንኳኩ መሰለኝ። ማስረጃም ነበረኝ። አባባ መቀሱንም ጉርሻውንም በቀኙ ነው የሚይዘው፤ ሰውዬው በግራው። አባባ አያፏጭም። ሰውዬው ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚያፏጫት አንድ ዜማ አለችው፤ ሌላ ሰው ሲያዜማት ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። አልቃ አይደለም፤ የቀረውን ሌላ ሰው እንዲያፏጭለት የሚጠብቅ ይመስላል። ክፉ አልነበረም፣ እጁን አንሥቶብን አያውቅም፣ ፈገግ እንዳለ ነው የሚመጣው። እኔን ያስፈራኝ የነበረው ስም ነው። ስሜ ብርቄ ነው። ሰውዬው ግን ሮማን ይለኛል። በቤታችንም፣ በዘመድም፣ በጎረቤትም ሮማን የምትባል ሰው አልነበረችም። «ሮማን፣ ነይ እስቲ» ይለኛል፣ የገዛ ልጁን እንደሚጠራ ሰው፣ በፍቅር።

አንድ ቀን እናቴን፣ አባባ ሰውዬውን ያውቀዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ያውቀዋል» አለች። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ «አንቺ ግን ሮማን ሲልሽ አቤት እንዳትዪው» አለችኝ።

አባባና ሰውዬው የተለያዩት አንድ ክረምት ላይ ነው። ሰውዬው በዶፍ ዝናብ መጣ፤ ባርኔጣዋን ወንዝ ወስዷት ራሱ ገላጣ፣ ግንባሩ ደም በደም ነበር። በማግስቱ አባባ እናቴን አየና ተነሥቶ እንጦጦ ጠበል ወጣ። ፍልሰታን እዚያው ጾሞ፣ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ተመለሰ። አንኳኳ። ጸዳሉ ነኝ አለ። ገባ። ከዚያ በኋላ የቀመሰው የለም። የቡና ቤት ጓደኞቹ፣ ጸዳሉ እኮ ኮሌታውን አገላበጠ ብለው ቀለዱበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። እናቴ እንጀራ ስትቆርስ፣ ልብስ ስታጥፍ ማንጎራጎር ጀመረች። በሩን መቀርቀር ግን አልተወችም፤ ማን ነው ብላ ስሙን ሳትሰማ አትከፍትም።

በሚቀጥለው ክረምት ነው መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባባ ዝናቡ ሥራ ስላስፈታው ቀደም ብሎ ተመለሰ። እናቴ ጓሮ ማድ ቤት ነበረች፤ በሩን የከፈትኩለት እኔ ስለነበርኩ አላየችውም። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ለዩኒፎርሜ ቁልፍ ይተክል ጀመር፤ እኔ መርፌ እያቀበልኩ አጠገቡ ነኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል ከቁልቁለቱ ላይ ያች ፉጨት ተሰማች። መጣች፣ መጣች፣ የምትቆምበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። የአባባ እጅም መርፌዋን ጨርቁ ውስጥ እንደሰካ ቆመ። በሩ ተንኳኳ። እናቴ ላስቲክ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከማድ ቤት ወጣች። «ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ፤ የአባቴ ድምፅ ነው፣ ከውጭ።

እናቴ እዚያው ቆመች። ወደ ቤት ዞራ «ብርቄ፣ ሰውዬው መጣ» አለች። ዓመቱን ሙሉ ያንጎራጎረችው ሁሉ ነበር የወደቀባት። አባባ ተነሥቶ ደፉ ላይ ቆመ። አየችው። በሩን አየች። እንደገና አየችው። አባባ ክሩ የተንጠለጠለበትን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ሮማን፣ ክፈቺልኝ እንጂ፣ ዝናብ እኮ ነው» አለ ሰውዬው።

ታዛዥ ልጅ ነበርኩ፤ ሲጠሩኝ ዝም ማለት አልለመድኩም። አፌን ከፈትኩ። የአባባ መዳፍ መጥቶ ከደነው። እጁ የክርና የመኪና ዘይት ይሸታል፣ ከበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ደግሞ የእንስላል። ሦስታችንም ሳንንቀሳቀስ ቆየን፤ በመጨረሻ ኮቴው ወደ ወንዙ ወረደ። በማግስቱ እናቴ በሩን ስትከፍት ወንዝ የወሰዳትን ባርኔጣ የበሩ ቋሚ ላይ ተሰቅላ አገኘቻት። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ እሷ ደረቅ ነበረች፤ ጥብጣቧም አዲስ። አባባ ወጥቶ አያት። የኔ አይደለችም አለ፣ ሳይነካት ወደ ሥራው ሄደ። እናቴ በእንጨት አንሥታ ወደ ወንዙ ወረወረቻት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፣ ሳይጠጣ ሞተ። ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፣ ሰርግ ላይም ቢሆን። ነገሩን ያነሣሁበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ልታገባ ነው ተብዬ ቤቱ ግርግር በሆነበት ሰሞን። ቀሚሴን እየለካልኝ ነበር፤ አፉ ውስጥ የያዛቸውን እስፒሎች አንድ በአንድ አውጥቶ ጨረሰና፣ «ልጄ፣ መጠጥ የተውኩት እኔ ነኝ። እሱ መቼ ተወ» አለኝ።

እኔም እዚያው ግቢ ተድሬ፣ ወልጄ፣ ወላጆቼንም ባለቤቴንም ከዚያው በር ሸኝቼ ኖርኩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ለእኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ሰዉ የበሩን ቆርቆሮ ሳይቀር እየነቀለ ጭኖ ሲሄድ፣ እኔ የእኛን በር እንደቆመ ተውኩት። ጎረቤት ሁሉ አዲሱን አድራሻ በቀረው ግድግዳ ላይ እየጻፈ ሲለጥፍ እኔ አልለጠፍኩም። ቢንያም እማ ምነው አለኝ፤ ሌባ እንዳይከተለን ነው አልኩት። ቢንያም የአሉሚኒየም በርና መስኮት ገጣሚ ነው፤ የአዲሱን ቤት በር በእጁ ገጥሞ፣ መቀርቀሪያውንም እኔ በመረጥኩት ቦታ አደረገልኝ። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጌ፣ መጠጡን የጀመረው እዚያ ነው። ጓደኞቹ እንደ እሱ በየዳሩ ተበትነው፣ ከሥራ ሲወጡ የሚገናኙበት ቦታ ድራፍት ቤት ብቻ ሆነ። ሲመጣ «ማን ነው?» እላለሁ፣ «እኔ ነኝ እማ» ይለኛል እየሳቀ። ስምህን ተናገር እለዋለሁ። እያሾፈ፣ መታወቂያም ላሳይሽ ይለኛል። እንዲህ ቆይቶ አንድ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ መጣና፣ በቃኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ሲያንኳኳ ጥርት አድርጎ «ቢንያም ነኝ» ይላል። እኔም እከፍታለሁ። ይህ ስሙን የሚናገር ድምፅ ነው እንቅልፌን የመለሰልኝ።

«ሶበር ነኝ» ባለኝ ሰሞን ጊዮርጊስን ለመሳለም ፒያሳ ሄጄ ነበር። ስመለስ እግሬ ወደ ቀድሞው ቁልቁለት ወሰደኝ። በራችን የነበረበትን በግምት አግኝቼ፣ አዲስ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ የድሮው ባለሱቃችን ጋሽ ሙዘይን ከኋላዬ ጠሩኝ። ያው ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በትራቸውን ይዘው። ሱቃቸውን ወደ ሌላ ቢያዛውሩም በሳምንት አንድ ቀን መጥቼ እዚህ እቀመጣለሁ አሉኝ። ቤት ስንቀይር ስኳርና ዘይት ይዘው ቤታችን ድረስ የመጡ ብቸኛው የሰፈር ሰው እሳቸው ናቸው። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ኑሮው አውርተን ስናበቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ብርቄ፣ ልጅሽን ያዢው እንጂ። ባለፈው እሑድ እዚችው ቆሞ አገኘሁት፣ ሞቅ ብሎት» አሉኝ።

እሳቸው ባሉት እሑድ ቢንያም ትኩሳት ይዞት ከአልጋ አልወረደም። ቀኑን ሙሉ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስቀያይር የዋልኩት እኔ ነኝ። ተሳስተው ይሆናል አልኳቸው። ሙዝ ሲሰርቀኝ ያደገ ልጅ ይጠፋኛል ወይ ብለው ሳቁብኝ። ሰላም ሲሉት በግራ እጁ እንደጨበጣቸው፣ ቀኝህ ታመመ ወይ ቢሉት ፈገግ ብቻ እንዳለ ነገሩኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን አለዎት አልኳቸው።

«ቤታችን የት ነው አለኝ። የገዛ ቤቱ! እዚህ መሬቱን በእግሩ እየመታ በሩን ሲፈልግ ነው ያገኘሁት። አንጀቴን በላው። አውቶቡሱን፣ ብሎኩን፣ ፎቁን አስረዳሁት። ቢንያም፣ እናትህ ትጨነቃለች፣ ሂድ አልኩት።»

«ስሙን ጠሩለት?»

«እንዴታ። አይገርምሽም፣ ስሙን ሲሰማ ቢንያም ነኝ፣ ቢንያም ነኝ እያለ ቁልቁል ሄደ፣ እንደሚሸመድድ ተማሪ።»

ጋሽ ሙዘይን ደግ ሰው ናቸው። ጠጥተው ስለማያውቁ ለጠጪ ያዝናሉ። እግዜር ይስጥልኝ ብያቸው ተነሣሁ።

ከዚያ ቀጥሎ በመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበር። ቢንያም ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ፣ እኔ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። በሩ ሲንኳኳ ባነንኩ። ቤቱ ጨለም ብሏል። እየተነሣሁ «ማን ነው?» አልኩ።

«ቢንያም ነኝ» አለ፣ ጥርት አድርጎ፣ እንዳስተማርኩት።

እጄ መቀርቀሪያው ላይ አረፈ። ወደ ታች ያየሁት እንዲያው ወለሉ እንዳያንሸራትተኝ ብዬ ነው። የቢንያም ጫማዎች በሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እርጥብ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ዳቦው ከነፌስታሉ አለ። ለካ ሳልቀረቅር እንቅልፍ ወስዶኝ፣ እንዳይቀሰቅሰኝ በራሱ ቁልፍ ገብቶ በሩን ቀርቅሮታል።

ቢንያም ፀጉሩን በፎጣ እያደረቀ ከመኝታ ክፍል ብቅ አለ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ፣ አባቴ እንዳደረገው። ቆመ።

«ሮማን፣ ክፈቺልኝ እንጂ» አለ ከውጭ ያለው፣ በልጄ ድምፅ። በዚህ ዓለም ላይ ከእኔ በቀር ይህን ስም የሚያውቅ ሰው ሁሉ አፈር ለብሷል፤ ለቢንያም አንድም ቀን አንሥቼለት አላውቅም። ከበሩ ሥር የእንስላል ሽታ ገባ። ወደ ልጄ ዞርኩ። ይደነግጣል ብዬ ነበር። አልደነገጠም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ድካም ነው፣ ሲጠብቀው የቆየ እንግዳ እንደመጣበት ሰው። በባዶ እግሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እጁን እጄ ላይ፣ መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈ። አባቴ እንዲያ አላደረገም፤ አባቴ ዝም ነበር ያለው። ልጄ ግን አፉን ወደ በሩ አስጠግቶ፣ ሳይጮህ፣ ለተሳሳተ ሰው መንገድ እንደሚያሳይ ሆኖ ተናገረ።

«ተሳስተሃል ወንድሜ። የዚህ ቤት ልጅ ገብቷል።»

ያን ቃል ነግሬው አላውቅም። ውጭ የነበረው ኮቴ ደረጃውን መውረድ ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣ በእጁ የደረጃውን ብረት እየዳሰሰ። ከታች ፉጨቱ ተሰማ። ያችው ናት። የምትቆምበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጠበቀች። የቢንያም ከንፈሮች ለማፏጨት ሾል ሲሉ አየኋቸው። ከዚያ ከንፈሮቹን ገጥሞ፣ መቀርቀሪያውን ገፋ አድርጎ አጥብቆ፣ «እማ፣ ዳቦው ሳይደርቅ ሻይ ጣጂልን» አለኝ።

ሻዩን ጣድኩ። ውኃው እስኪፈላ ተመልሼ ሄጄ ጫማዎቹን ከበሩ ሥር አነሣኋቸው። በጨርቅ ጠርጌ ወደ ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር አስገባኋቸው።